በ5,000 የሮጥኩት በ10,000 ስንት ያስገባኛል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን የሩጫ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያንኳኩት አንድ በር ነው፦ ከአጭሩ ርቀት ሰዓት ተነስቶ የረጅሙን መገመት። ስለዚህ አንድ ላይ ሰብሰብ አድርገን መልሰናቸዋል። የውድድር ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከነጥብ በኋላ ያሉት ሁለት አሃዞች ደግሞ የሰከንድ መቶኛ ናቸው፤ ስፖርት ጋዜጠኞቻችን «ማይክሮ ሰከንድ» ማለት ቢወዱም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 19 ነው፣ በአንድ ክለብ ተስፋ ቡድን ውስጥ እሮጣለሁ። ዘንድሮ 3,000 ሜትር በ9:05፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው መም 5,000 ሜትር በ15:45 ገብቻለሁ። በሚቀጥለው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ 10,000 ልሮጥ ነው። የክለቡ ልጆች «የ5,000ህን እጥፍ አድርገህ አንድ ደቂቃ ጨምርበት» ይሉኛል። ልክ ናቸው? (ከአሰላ)

መልስ፦ ምክሩ ውሸት አይደለም፣ የተሰፋው ግን በሌላ ሰው ልክ ነው። ቀነኒሳ በቀለ 5,000ን በ2004 ሄንግሎ (ኔዘርላንድ) ላይ በ12:37.35፣ 10,000ን በ2005 ብራስልስ ላይ በ26:17.53 ሮጧል። የ12:37.35 እጥፍ 25:14.70 ነው፤ አንድ ደቂቃ ሲታከልበት 26:14.70። ከእውነተኛው ሰዓት ሦስት ሰከንድ እንኳ አይርቅም። ችግሩ፣ ሰው ሁሉ ላይ የሚጨመረው አንድ ዓይነት ደቂቃ አለመሆኑ ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ሰዓቱ የሚባዛው በ2 ሳይሆን በ2.085 ገደማ ነው። ያቺ 0.085 ትርፍ 5,000ን በ12 ደቂቃ ለሚገባ ሯጭ አንድ ደቂቃ፣ ለአንተ 80 ሰከንድ፣ በ20 ደቂቃ ለሚገባ ደግሞ 1:42 ትሆናለች።

2.085 የተገኘችው ፒት ሪግል የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1977 ካሳተመው ቀመር ነው። ቀመሩ እንዲህ ይላል፦ የሚጠበቀው ሰዓት = የታወቀው ሰዓት × (ረጅሙ ርቀት ÷ አጭሩ ርቀት)፣ ቅንፉ በርቢ 1.06። ለመም የሚያስፈልጉህን ማባዣዎች አስልተን እናስቀምጥልህ። ከ1,500 ወደ 3,000፣ እንዲሁም ከ5,000 ወደ 10,000፦ 2.085። ከ3,000 ወደ 5,000፦ 1.7185። ከ1,500 ወደ 5,000፣ እንዲሁም ከ3,000 ወደ 10,000፦ 3.583። ከማባዛትህ በፊት ግን ሰዓቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ሰከንድ ለውጠው። 15:45ን «15.45» ብሎ ካልኩሌተር ውስጥ መክተት በየጊዜው የምናየው ስህተት ነው። ያንተ 945 ሰከንድ ነው፤ በ2.085 ሲባዛ 1,970 ሰከንድ፣ ማለትም 32:50 ይሆናል። የጓደኞችህ ምክር የሚሰጥህ 32:30 ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ 10,000 ለሚሮጥ ሰው 20 ሰከንድ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ታዲያ 1.06 ራሷ የማን ናት? የማንም አይደለችም፣ አማካይ ናት። ቀመሩ ለቀነኒሳ 26:19.02 ይሰጠዋል፤ ከሮጠው በሰከንድ ተኩል ብቻ ይለያል። ለተሰንበት ግደይን በ14:06.62 ተነስቶ 29:25 ይላታል፣ እሷ ግን ሄንግሎ ላይ 29:01.03 ገብታለች፤ 24 ሰከንድ ቀድማዋለች። ጥሩነሽ ዲባባን በ14:11.15 ተነስቶ 29:35 ይላታል፣ ቤጂንግ ኦሊምፒክ ላይ ያስመዘገበችው ደግሞ 29:54.66 ነው፤ ከግምቱ 20 ሰከንድ ዘግይታለች። ሦስቱም የዓለም ምርጦች ናቸው፣ ሦስቱም ላይ የዋለው ቀመር አንድ ነው።

ስለዚህ የራስህን ቁጥር አውጣ፤ እኛ «የድካም ቁጥር» እንለዋለን። ሁለት ውድድር አለህ፣ ይበቃሃል። የስልክህን ካልኩሌተር ወደ ጎን ስታዞረው «ሎግ» የሚለው ቁልፍ ይመጣልሃል። 945ን ለ545 አካፍል፦ 1.734። ሎጉ 0.239 ነው። 5,000ን ለ3,000 አካፍል፦ 1.667። ሎጉ 0.2218። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስታካፍል 1.077 ታገኛለህ። ከ1.06 ይበልጣል፤ ርቀቱ ሲረዝም ከአማካዩ ሯጭ ትንሽ ፈጥነህ ትደክማለህ ማለት ነው። 2 በርቢ 1.077፣ 2.11 ነው፤ በ945 ሲባዛ 33:14።

ይህችንም ግን እንደ ወንጌል አትያዛት። 3,000 ላይ ሰው አጥሮህ ሦስት ሰከንድ አባክነህ ከነበረ፣ ማለትም አቅምህ 9:02 ከነበረ፣ የድካም ቁጥርህ 1.088 ይሆንና ግምቱ ወደ 33:29 ይሄዳል። ሦስት ሰከንድ እዚህ፣ አሥራ አምስት ሰከንድ እዚያ። ሁለቱ ርቀቶች በተቀራረቡ ቁጥር ትንሿ ስህተት ትገዝፋለች። ስለዚህ አንድ ሰዓት ሳይሆን ከ32:50 እስከ 33:30 የሚል ክልል ያዝ።

ወደ ዙር እንመልሰው። 10,000 ሜትር 25 ዙር ነው። 32:30 ማለት በዙር 78 ሰከንድ፣ 33:20 ደግሞ በዙር 80 ነው። የ5,000 ፍጥነትህ በዙር 75.6 ስለሆነ 78 በጣም ምቹ ይመስልሃል፤ ወጥመዱም እሱ ነው። በ78 ተነስተህ 15 ዙር ሄደህ ከዚያ በየዙሩ 84 ብትወርድ 33:30 ትገባለህ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሳይወላገድ 80 የሮጠ ሰው በ10 ሰከንድ ይቀድምሃል። እስከ 5,000 ድረስ 80ን አትልቀቅ፤ ግማሹን በ16:40 እለፍ። 13ኛውን ዙር ከጨረስክ በኋላ ትንፋሽህ ካልተረበሸ በየዙሩ አንድ አንድ ሰከንድ ቀንስ። የመጀመሪያው ዙር ግፊያና ሽሚያ ስላለበት 75 ወይም 76 ብትሮጥ አትደንግጥ፣ ሁለተኛውንም እንደዚያው እንዳትደግመው ብቻ ተጠንቀቅ።

ይህ ሁሉ ለ10,000 የተዘጋጀ ሰውነት እንዳለህ ቆጥሮ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ የማትሮጥ ከሆነ 33:30ም በነፃ አይመጣም።

ጥያቄ፦ የ1,500 ሯጭ ነኝ፣ ዕድሜዬ 20። ምርጥ ሰዓቴ 4:20 ነው። ስልኬ ላይ ያለው መተግበሪያ 5,000ን 15:31 ትገቢያለሽ ብሎኝ በዚያ ዕቅድ ገብቼ በ16:20 ጨረስኩ፤ የመጨረሻዎቹን አምስት ዙሮች እየተጎተትኩ ነው የሮጥኩት። መተግበሪያው ተበላሽቶ ነው ወይስ እኔ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሁለታችሁም ደህና ናችሁ። መተግበሪያው 260 ሰከንድን በ3.583 አባዝቶ 15:31 አለሽ፤ ስሌቱ ትክክል ነው። የተሳሳተው መነሻው ነው።

ገንዘቤ ዲባባ በ2015 ሞናኮ ላይ 1,500ን በ3:50.07 ሮጣለች። ያንኑ ስሌት እሷ ላይ ብትሠሪው 5,000ን 13:44 ይላታል። ምርጥ ሰዓቷ 14:15.41 ነው። እስከ 2025 ድረስ እኮ በዓለም ላይ አንዲት ሴት እንኳ ከ14 ደቂቃ በታች ገብታ አታውቅም ነበር። የሞሮኮው ሂሻም ኤል ጉሩዥም እንዲሁ ነው፤ ከ3:26.00 ተነስቶ 12:18 ይባላል፣ ሮጦ ያስመዘገበው 12:50.24 ነው። ቀነኒሳን ደግሞ በተቃራኒው እይው፦ የ1,500 ምርጡ 3:32.35 ነው፣ ቀመሩ 12:41 ይለዋል፣ እሱ 12:37 ገባ።

የ1,500 ሰዓት ውስጥ ሁለት ነገሮች ተቀላቅለዋል። አንደኛው ጽናት ነው፣ ሌላው ጡንቻ ኦክስጅን ሳይጠብቅ የሚያወጣው የፍጥነት ጉልበት። በአራት ደቂቃ ሩጫ ላይ ይህ ሁለተኛው የማይናቅ ድርሻ አለው፤ በ16 ደቂቃ ሩጫ ላይ ግን ድርሻው በጣም ያንሳል። ቀመሩ ሁለቱን መለየት አይችልም፤ 4:20ሽን በሙሉ ጽናት ነው ብሎ ይወስደዋል። መጨረሻ 200 ሜትር ላይ ሁሉንም ጥለሽ የምትሄጂ ዓይነት ከሆንሽ ሁልጊዜም ያጋንንልሻል።

ያንቺ የድካም ቁጥር በሁለቱ ውድድሮች 1.10 ይመጣል፤ ከኤል ጉሩዥ ጋር እኩል ማለት ይቻላል፣ የሚያሳፍር አይደለም። አሁን አንድ 3,000 ሩጪ። በ1.10 ስሌት 9:17 ይጠበቅብሻል። በ9:10 ከገባሽ፣ እስከ 3,000 ድረስ ጽናቱ አለ፣ የሚከዳሽ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ የሚጎድልሽ ረጅሙ ሩጫና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሳይቋረጥ የሚሮጥ ቴምፖ (ፈጠን ያለ ወጥ ሩጫ) ነው። ከ9:20 በላይ ከሆነ ግን ድካሙ ገና ከ1,500 ማግስት ይጀምራል ማለት ነው፤ የሳምንት ኪሎ ሜትርሽን ቀስ እያልሽ ማሳደግ ይቀድማል። የ1,500 ኢንተርቫል (በዕረፍት እየተቆራረጠ የሚሮጥ ፈጣን ልምምድ) መጨመር አይጠቅምሽም፣ እሱ አለሽ።

10,000 አስበሽ ከሆነ ከ1,500 ተነስተሽ እንዳታሰይው አደራ። 32:22 ይልሻል። ከ5,000ሽ ተነስተሽ በ2.085 ስታባዢ 34:03፣ በራስሽ ቁጥር 35:00 ነው። ከሦስቱ መጀመር ያለብሽ በመጨረሻው ነው።

ጥያቄ፦ አሰልጣኝ ነኝ። ልጆቼ ሚኒማ (ለትልቅ ውድድር የሚያበቃ ሰዓት) የሚፈልጉት ውጭ ወጥተው በሚሮጡት 10,000 ነው፣ እኔ ያለኝ ግን የአዲስ አበባ 1,500 እና 5,000 ሰዓታቸው ነው። ለከፍታው ስንት በመቶ ልቀንስ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ለሁሉም ርቀት የሚያገለግል አንድ መቶኛ የለም፤ እርስዎን የሚያሳስተውም እሱን መፈለግዎ ነው። ቀጭን አየር ሁለት ሥራ ይሠራል። ኦክስጅን ስለሚቀንስ ያዘገያል፤ ሰውነትን የሚገፋው የአየር ግፊት ስለሚላላ ደግሞ ያፈጥናል። ሩጫው ሲያጥር ሁለቱ ይቻቻላሉ፣ ሲረዝም ግን የኦክስጅኑ ዕዳ እየገዘፈ ይሄዳል።

ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ ናት፤ አዲስ አበባ ስታዲየም ከዚያም ትንሽ ይበልጣል። በ1968ቱ ኦሊምፒክ 1,500ን ኬንያዊው ኪፕቾጌ ኬይኖ በ3:34.9 አሸነፈ፤ የወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን የጂም ራየን 3:33.1 ነበር። ልዩነቱ አንድ በመቶ አይሞላም። 5,000ን ቱኒዚያዊው መሐመድ ጋሙዲ በ14:05.0 አሸነፈ፤ ክብረ ወሰኑ የሮን ክላርክ 13:16.6 ነበር፦ 6 በመቶ። 10,000ን ናፍታሊ ቴሙ በ29:27.4 ሲወስድ የኛው ማሞ ወልዴ በ29:28.0 ሁለተኛ ሆነ፤ ክብረ ወሰኑ 27:39.4 ነበር፦ 6.5 በመቶ። ሻምፒዮና ስለሆነ ልዩነቱን በሙሉ በአየሩ ማሳበብ አይቻልም፤ አዝማሚያው ግን ግልጽ ነው። ልብ ይበሉ፣ ቴሙም ማሞም ደጋ ያደጉ ናቸው፤ ከፍታ የለመደ ሰው ጉዳቱ ይቀንስለታል እንጂ አይቀርለትም።

ከዚህ የሚከተለው ይህ ነው፦ ከአዲስ አበባ 1,500 ተነስተው የውጭ 10,000 መገመት ሁለት ስህተት በአንድ ጊዜ ነው። 1,500ው በከፍታው ብዙም አልተጎዳም፣ ስለዚህ የሚቀንሱለት መቶኛ ያጋንነዋል፤ ከዚያም በላይ ከላይ ለሐዋሳዋ አንባቢ ያልነው የፍጥነት ነገር አለ። እዚያው አዲስ አበባ ላይ የሚያወጡት የድካም ቁጥርም ከፍታው ረጅሙን ርቀት ስለሚያከብደው ከእውነተኛው ይበልጣል።

ሁለት መዝገብ ይያዙ፣ አንዱ የደጋ፣ አንዱ የቆላ፤ አያቀላቅሏቸው። መሻገሪያው አንድ ዓይነት ርቀት ብቻ ይሁን። አንዱ ልጅዎ አዲስ አበባ 5,000ን በ14:20፣ ውጭ ደግሞ በ13:50 ሮጦ ከሆነ፣ ከዚያ ወዲያ መነሻዎ 13:50 ነው። በ2.085 ሲባዛ 28:50 ይመጣል። አዲስ አበባ ላይ ያወጡት የድካም ቁጥር 1.08 ከሆነ ደግሞ በእሱ 29:15። የደጋው ቁጥር የተጋነነ መሆኑን አውቀው መካከሉን፣ 29:03ን ይውሰዱ፤ በዙር 69.7 ነው፣ አሯሯጩን «70» ብሎ ማዘዝ ይቻላል። ውጭ አንድም ጊዜ ሮጦ የማያውቅ ልጅ ከሆነ 10,000ን ከማስገባትዎ በፊት አንድ 5,000 ወይም 3,000 እዚያው ያስሩጡት። ፌዴሬሽኑ ማጣሪያ ቆላማዋ ሄንግሎ ድረስ ወስዶ ያካሄደው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለተሰንበት 29:01.03 የገባችው ጁን 8 ቀን 2021 በዚያ ማጣሪያ ነው።

ጥያቄ፦ 44 ዓመቴ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን እሮጣለሁ። የትምህርት ቤት ትራክ ላይ 12 ዙር ተኩል ሮጬ በ20:30 ጨረስኩ፣ የእጅ ሰዓቴ ግን 5.2 ኪሎ ሜትር አለና 5 ኪሎ ሜትሩን በ19:43 እንዳለፍኩ አድርጎ መዘገበልኝ። በየትኛው ላስላ? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ በ20:30። የሳተላይት ሰዓት መም ላይ መታጠፊያዎቹን በትክክል ስለማያነብ ርቀቱን ብዙ ጊዜ ያስረዝመዋል። ዙሩን በትክክል ከቆጠሩ የመሙ ልኬት ይበልጣል። ሆኖም አንድ ነገር ያጣሩ፦ የሮጡት በመጀመሪያው መስመር ነበር? ሁለተኛው መስመር በዙር 407 ሜትር ነው። እግረኞችን እየሸሹ አሥር ዙር በሁለተኛው መስመር ከሮጡ 70 ሜትር ተጨማሪ ሄደዋል፤ በእርስዎ ፍጥነት 17 ሰከንድ ነው። እንደዚያ ከሆነ ሰዓትዎ በትክክልም 20:13 አካባቢ ነው።

ከ20:30 ተነስተው በ2.085 ሲያባዙ 42:44 ይሆናል። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ለሚሮጥ ሰው ግን ከ1.06 ይልቅ 1.08 ይቀርባል፤ 43:20፣ በዙር 104 ሰከንድ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሆነ የዚያ አገር ሙቀትና ወበቅ ሌላ ጣጣ ነው። 5,000ው በጠዋት ቅዝቃዜ፣ 10,000ው ከሰዓት በኋላ ከሆነ ንጽጽሩን ይተዉት።

ጥያቄ፦ በክልላችን ሻምፒዮና 5,000ን አንደኛ ወጣሁ፣ ሰዓቱ ግን 16:02 ነው። እስከ መጨረሻው ሁለት ዙር ማንም መሪነቱን አልፈለገም። ለ10,000 በዚህ ላስላ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አታስላ። ሰለሞን ባረጋ በ2018 ብራስልስ ላይ 5,000ን በ12:43.02 ሮጧል፣ ቀመሩ በዚያ 10,000ን 26:31 ይለዋል። ቶኪዮ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀው በ27:43.22 ነው። አቴንስ 2004 ላይም ኤል ጉሩዥ ቀነኒሳን በ5,000 የቀደመው በ13:14.39 ለ13:14.59 ነው፤ የቀነኒሳ ምርጥ ሰዓት ከኤል ጉሩዥ ምርጥ ሰዓት በ13 ሰከንድ እየተሻለ። የሻምፒዮና ሰዓት ማን እንዳሸነፈ ይናገራል፣ አቅምን አይናገርም፤ ለትንቢት መነሻም መድረሻም አይሆንም።

ሌላ ውድድር ከሌለህ ከ10,000ው ሦስት ሳምንት በፊት ልምምድ ላይ 3,000 ሩጥ። ሁለት ጓደኞችህ እየተፈራረቁ እስከ 2,000 ይምሩህ፣ የመጨረሻውን ሁለት ዙር ተኩል ብቻህን ጨርስ። ያገኘኸውን በ3.583 አባዛ። 9:15 ከመጣ 33:09 ይሆናል፤ ከ3,000 ወደ 10,000 ዝላዩ ረጅም ስለሆነ ግን ሠላሳ ሰከንድ ጨምርበትና በዙር 81 ተነሳ። ከሁለት ወር በላይ የቆየ ሰዓትም፣ በተለይ ከመካከሉ ጉዳት ወይም ዕረፍት ካለ፣ አብረህ ጣለው።